በእግሩ የሄደው ጸሎት ቤት

አስተርጓሚነት የጀመርኩት ላንቴ በምትባል የገጠር መንደር፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ በተዋስኩት ቦቲ ጫማ ነው። ሲዘንብ አድሮ የሙዝ እርሻው መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሥራው ቀላል ነው ተብዬ ነበር፤ ፓስተር ሄንክ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ጋሞኛ እመልሳለሁ። እሳቸው ከሆላንድ የመጡ ሚስዮናዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው አንድ ዓመት አማርኛ ተምረዋል። አርባ ምንጭ ወዳለው የቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት የመጡት ገጠር ለገጠር እየዞሩ አዳዲስ ጸሎት ቤቶች ለመትከል ነው። እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ፤ ጋሞኛው ከእናቴ፣ አማርኛው ከትምህርት ቤት።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ፓስተር «ጣ»ን ማለት እንደማይችሉ ነው። በእሳቸው አፍ «ጣ» ሁሉ «ታ» ይሆናል።

«ወንድሞችና እህቶች!» አሉ፣ ሞንታርቦው እየጮኸ፤ «ወደ እናንተ የመታሁት ስለምወዳችሁ ነው።»

ከሕዝቡ ግማሹ አማርኛ ይሰማል። እርስ በርስ ተያዩ።

«ጌታም ይመታል! ዛሬ ባይመታ ነገ ይመታል!»

ሙዝ ተሸክማ ልታልፍ የነበረች ሴት ቀጥ አለች። «ምን አጥፍተን ነው?» ብላ በጋሞኛ ጠየቀችኝ።

«ይመጣል ለማለት ነው» ብዬ አስተካከልኩ። ትንሽ ቆይተው ፓስተር «ድኅነት ይዤላችሁ መታሁ» ሲሉ ደግሞ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። «ድህነቱስ እዚሁም ሞልቶናል። ሌላ ያመጣኸው ነገር የለም?» አሉ፣ በጋሞኛ።

ፓስተር ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«በጣም ደስ ብሏቸዋል» አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ስንመለስ የሥራ አለቃዬ ወንጌላዊ ዳንኤል መኪና ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አልማዝ፣ አንቺ እኮ ከሰባኪው ትሻያለሽ» አለኝ። ያበላሸኝ ይህ ምስጋና ነው። ዳንኤል ጋሞኛ ስለማይሰማ የመሰከረው ሕዝቡ ሲስቅና ሲያጨበጭብ አይቶ ብቻ ነበር።

የሙያው ሕግ አጭር ነው። ከተናጋሪው በስተግራ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትቆማለህ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ትቀበላለህ። «እሱ እንዲህ ይላል» አትልም፤ «እኔ» ትላለህ። ምዕራብ ዓባያ ላይ ፓስተር ስለ ትዳራቸው ሲመሰክሩ እኔም በሕጉ መሠረት «ሚስቴን ያገኘኋት በመዘምራን መካከል ነው፤ እስከ ዛሬ እንደ ልጃገረድ አያታለሁ» አልኩ። አንዲት እናት ጎረቤታቸውን ነካ አድርገው «ይህችም ሚስት አላት?» ሲሉ ሰማሁ። ፓስተርም በአማርኛቸው ሴት ከወንድ ስለማይለዩ ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የሚሉኝ። ነገሩ የባሰ ተወሳሰበ።

ሕጉን ግን የያዝኩት እዚህ ላይ ብቻ ነበር። ሌላውን ማለስለስ ጀመርኩ። ሕዝቡ «ይህ ሰውዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ያመዋል እንዴ?» ሲል «ጤና ይስጥዎ እያሉ ይመርቃሉ» እላለሁ። ፓስተር አንድን አባት በሰው ፊት «ዕድሜህ ስንት ነው? ጥርስህስ የት ሄደ?» ሲሏቸው «ደህና ሰነበቱ ወይ?» እላለሁ። ሁሉም ይደሰታል። እኔም የሰላም ሠራተኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የዶርዜ ሥራ መጣ። ከዶርዜ ወደ ላይ፣ መኪና ቆሞ በእግር የሚኬድበት አንድ መንደር ጸሎት ቤት ሊተከል ታሰበ። የፓስተር አገር ተራራ የሚባል ነገር የለውም። ጠመዝማዛውን ዳገት ስንወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ሾፌሩ ደግሞ «ፓስተር፣ እኔም ልጨፍን?» እያለ ያስደነግጣቸዋል።

የመንደሩ መሪ ሃላቃ ሻንካ ይባላሉ። ሃላቃ ማለት በእኛ አገር ሕዝብ መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ አይታጠፍም። እኚህ ሰው ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር ነው። ፓስተር ቆርቆሮ ቤት በወረቀት ነድፈው ይዘው ነበር። ሃላቃ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ቆርቆሮ እዚህ ድረስ ማን ይሸከማል? በቀርከሃ እንሠራላችኋለን። ቦታው የእኔ ነው፤ ለመጪው ዓመት የገብስ ዘር እስክፈልገው ይቀመጥበት። ያኔ ያነሡታል።»

ለእኛ ይህ ቀላል ነገር ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠል የሚለብስ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። ለሆላንድ ሰው ግን ቤት ማለት የማይነቃነቅ ነገር ነው። ፓስተርን አየኋቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሰማዩም ጠቁሯል። «ያነሡታል» ብል ጥያቄው ሊያልቅ አይችልም። እስከዚያ ሃላቃም ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል አልኩ በልቤ።

«ቦታውን በደስታ ሰጥተናል ይላሉ» አልኩ።

ፓስተር ሃላቃን አቀፉ። ሃላቃ እቅፉ ውስጥ ሆነው ከፓስተር ክንድ ሥር አጮልቀው አዩኝ፤ ሰውየው በውሰት መሬት ይህን ያህል መደሰቱ ገርሟቸው ነበር።

ጸሎት ቤቱ ተሠራ። ያምር ነበር። ፓስተርም ወደ አገራቸው በሚልኩት ደብዳቤ ሁሉ ስለ እሱ ሲጽፉ ከረሙና በዓመቱ ከሆላንድ ሦስት እንግዶች ሊያዩት መጡ። ከመኪናው ወርደን ዳገቱን ጀመርን። ፓስተር ከፊት ሆነው «ከዚህ ኩርባ በኋላ ይታያል» ይላሉ።

ኩርባውን ስንዞር በእርግጥ ታየ። በመንገዱ ላይ ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

ጣሪያው እንዳለ ነው፣ ግድግዳውም እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን ብዙ እግር ይታያል። ባዶ እግር፣ ጫማ ያደረገ እግር፣ ሱሪው የተጠቀለለ እግር። ሰዎቹ እየዘፈኑ ነበር። እንግዶቹ የአገሩ የምረቃ ሥርዓት መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ፎቶም አነሡ።

ፓስተር ግን አላጨበጨቡም። «እህት አልማዝ» አሉ፤ «ጸሎት ቤታችን የት እየሄደ ነው?»

ሃላቃ ሻንካ የገብስ ዘር እንደያዙ ከማሳው ወርደው መጡ። «ደረሳችሁ?» አሉ። «እንደምትመጡ ሰምተን ከጠዋት ጀምሮ ስንጠብቃችሁ ነበር። ባለቤቱ ሳይኖር ቤት አይነሣም ብዬ ነበር፤ ዘሩ ግን አይጠብቅም።» የፓስተርን ፊት አዩ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «አልነገርሽውም?»

«ምን አለ?» አሉ ፓስተር።

በሙያዬ ከዚያ የከበደ ዓረፍተ ነገር ተርጉሜ አላውቅም። ከሃላቃ በስተግራ እንደ ሕጉ ቆሜ ነበር። «አልነገርሽውም? ብለው እየጠየቁኝ ነው» አልኩ። ቦታው የተሰጠ ዕለት የተባለውንም፣ የቆረጥኩትንም ሁሉ ነገርኳቸው።

ሃላቃ አማርኛውን ባይሰሙም ነገሩ ገባቸው። «እኔ ለእንግዳ ቃል ሰጠሁ» አሉ በቀስታ። «ቃሌን የት ጣልሽው?»

ፓስተር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግህ?» አሉኝ።

«ከላንቴ ጀምሮ።»

የሙዟን ሴት ነገርኳቸው። ስለ ድህነት የጠየቁትን ገበሬ ነገርኳቸው። ቲማቲሙንም ነገርኳቸው። እንግዲህ ተባረርኩ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። «ድህነት ይዤ መታሁ!» እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ሽማግሌ መሬቱን አበደረኝ፤ እኔ ግን በቀኑ ልመልስለት አልመታሁም። ባለጌ አደረግከኝ።»

ይህ ከመባረር በላይ አመመኝ። ከመንገዱ ዳር ካለው ማሳ እርጥብ ሳር ነጨሁና፣ በእኛ አገር ይቅርታ እንደሚለመነው በሁለት እጄ ይዤ ሃላቃ ፊት ተንበረከክኩ። ሳሩን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ተነሺ» አሉ። «ደግሞ ሌላ ጊዜ ከማሳዬ ላይ ስትነጪ ከጠርዙ ይሁን።»

አዲሱ ቦታ ሽማግሌዎቹ መክረው ለጸሎት ቤቱ ለይተው የሰጡት የመንደሩ የጋራ መሬት ነበር፤ የሚያነሣውም አልነበረም። ይህንን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው የተረጎምኩት። ፓስተርም ኮታቸውን አውልቀው «እኔም እሸከማለሁ» ብለው ግድግዳው ሥር ገቡ። ሰውየው ከሁሉም በክንድ ይረዝማሉ። ቀና ሲሉ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ከውስጥ ጩኸት ተነሣ።

«ምን ይላሉ?» አሉ ፓስተር ከግድግዳው ኋላ።

«ይህን ቀጭኔ አውጡልን፣ ቤቱን ሊደፋው ነው ይላሉ» አልኩ፣ ቃል በቃል።

ወዲያው ወጡ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ጸሎት ቤቱ ከቆመ በኋላ ሃላቃ «ሰውየው ጥሩ ነው፤ ስብከቱ ግን ይረዝማል» አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። ፓስተር ያን ቀን በአጭሩ ሰበኩ። ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን፤ ብዙ ጊዜ ተቀየሙኝ፣ ብዙም ተጨቃጨቅን። የተነቀለ ጸሎት ቤት ግን አልነበረም።

ወደ ሥራው ለምትመጡ ልጆች የምለው ይህ ነው። አስተርጓሚ የሰማውን ይናገር፤ ደስ የማይለውን ጭምር። ያልገባውን ይጠይቅ። የሰው ቃል የእሱ አይደለም።