ሰባት ቁስለኞችና አንድ ኦራል

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርደው ጥርጊያ መንገድ ግርጌውን ታክኮ ያልፋል። ወገቡ ላይ ድንጋይ ክበን አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀምጠንበታል። ልጆች ስለዚያ ቦታ ሲጠይቁኝ ስለ ተኩሱ መስማት ይፈልጋሉ። እኔ ግን የሻምበል ጦራችን መካኒክ ነበርኩ። ከጠብመንጃ ይልቅ መፍቻ የያዝኩበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሞተር ነው።

የነበረን መኪና አንድ አሮጌ ኦራል ብቻ ነበር። ውሃውም፣ ጥይቱም፣ ቁስለኛውም የሚጓጓዘው በእሱ ነው። ሞተሩ ዘይት እየበላ ጉልበት ሲያጣ፣ ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ደምሌና እኔ ከኮረብታው ጀርባ ግራር ሥር አውርደን በተንነው። ደምሌ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ነው፤ ብዙ አያወራም፣ እጁ ግን ንጹሕ ነው። በአራት ቀን መልሰን ገጠምነው። ከቆላው የሚነሳው ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ፣ በሥራው መካከል ክፍት ቀዳዳዎችን በጨርቅ እንወትፍ ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ሞተሩን ገና ሳንሞክረው፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድፍ ይደበድበን ጀመር። ከዚያ እግረኛ መጣ። የግራ ክንፋችን ሳሳ። ደምሌ ጥይት ተሸክሞ ወደዚያ ወጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ተኩሱ ጋብ አለ። ቦታውን አልለቀቅንም። አምስት ሰው እዚያው ወድቋል። ሰባት ቁስለኞች በቃሬዛ ወደ ግራሩ ወረዱ። ከሰባቱ አንዱ ደምሌ ነበር፤ ፍንጣሪ ሆዱን መትቶታል።

ሻምበል አዛዡ ከኋላቸው ወረደ። «ጫንና ሰቆጣ ግባ። አንተ ንዳ» አለኝ።

አስነሳሁት። የሞተሩ ድምፅ ያማረ ነበር። የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ግን ከዜሮ አልተነቃነቀም። እስከ አሥር ቆጠርኩና አጠፋሁት።

«ምን ሆንክ?»

«ዘይት አይገፋም፣ ሻምበል።»

«እንዲያው ምን ያህል ይሄዳል?»

«ዳገቱን ሳይጋመስ ሞተሩ ይነክሳል። ከነከሰ መቼም አይነሳም።»

በሬዲዮ ሌላ መኪና ጠየቀ። የሚደርሰው ሲመሽ ነው ተባለ። በቃሬዛ እንዳንልካቸው፣ ሰቆጣ የአንድ ቀን ዳገት ነው፤ ተሸካሚዎቹም ምሽጉን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። «አንድ ሰዓት ሰጥቼሃለሁ» አለኝና ተመልሶ ወጣ።

ቁስለኞቹ ግራሩ ጥላ ሥር ተደርድረው ያዩኛል። በሰው ዓይን ሥር ሠርቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ባለ ዓይን ሥር ግን አልሠራሁም።

«መጀመሪያ ጌጁን አትመነው» አለ ደምሌ በተኛበት። ሌላ መለኪያ ነበረን፤ ቀየርኩት። ዜሮ። የዘይቱን መጠን በዘንጉ አየሁ፤ ሙሉ ነው። «ፊልትሮውን ፈትተህ ሞተሩን ሳታስነሳ በሞተሪኖ ብቻ አዙረው» አለኝ። ፈትቼ አዞርኩት። ጠብታ አልመጣም። ዘይቱ ከታች አልተነሳም ማለት ነው።

ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት፣ ኮፓውን፣ ለማውረድ ዘይቱን በባልዲ ስቀዳ አንደኛው ቁስለኛ ሞተ። አብራቸው የወረደችው ነርስ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነችው።

ከመኪናው ሥር ተንጋልዬ ብሎን ስፈታ፣ ከቁስለኞቹ አንድ የፃግብጂ ልጅ በኽምጣኛ ውሃ ለመነኝ። እኔም የፃግብጂ ሰው ነኝ። በእግሩ ከቆመው ሰው ቋንቋውን የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ነርሷ ሆዱ ለተመታ ውሃ እንዳይሰጥ ከልክላለች። ያልሰማሁ መስዬ መፍታቴን ቀጠልኩ። ኮፓው ሲወርድ ልመናውም ትንፋሹም ቆሞ ነበር።

የፖምፓው ወንፊት ንጹሕ ነው። ፖምፓውን ፈትቼ ዘይት ውስጥ ነክሬ በእጄ አዞርኩት፤ ዘይቱን እጄ ላይ ተፋው። ደህና ነው። የቀረው ከፖምፓው ወደ ፊልትሮው የሚሄደው መተላለፊያ ብቻ ሆነ። ሽቦ ሰደድኩበት። አላሳልፍ አለ። ያን ጊዜ ሳላየው አወቅሁት። የሽቦውን ጫፍ ቆልምሜ ስስበው ጨርቅ ይዞ ወጣ። የአሮጌ ሸሚዜ እጅጌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ሲበረታ የወተፍኩት እኔ ነኝ።

ሻምበሉ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከተሰጠኝ ጊዜ በላይ ሁለት ሰዓት አልፏል። ጨርቁን ከእጄ ወስዶ አየው።

«ማነው ይህን የወተፈው?»

መፍቻዬን ከመሬት አነሳሁ።

«እኔ ነኝ፣ ሻምበል» አለ ደምሌ።

ሻምበሉ ወደ ሁለቱ ሬሳዎች፣ ከዚያ ወደ ደምሌ ተመለከተ። «ራስህ ከነሱ ጋር ባትተኛ ኖሮ እኔ አስተኛህ ነበር» አለው፤ መሬት ላይ ተፋና ሄደ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

መልሼ ገጥሜ ዘይቱን ሞላሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሳስነሳው መርፌው እንደሚገባው ወጣ። ጫንናቸው። ደምሌን ከጎኔ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳለፍን ጠየቅሁት።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ቢያስርህ ማን ይነዳል?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ስንደርስ ግን ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ» አልኩት።

ዳገቱን ሳንጨርስ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። መኪናውን አላቆምኩም። ከኋላ ሌላ አንድ ሰው እንደሞተ ያወቅሁት ሰቆጣ ደርሰን ስናወርዳቸው ነው። ሦስቱ በሕይወት ገቡ።

አልተናገርኩም። ሻምበሉ በሪፖርቱ የደምሌን ስም ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት እሱም ሞተ፤ ወረቀቱ ግን ቀረ፣ ወሬውም አገር ቤት ደረሰ። የደምሌ አባት ልጃቸውን ሲያለቅሱ ጎረቤት ደጃቸውን አልረገጠም። ሰው ያስጨረሰ ልጅ ተብሎ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ሄድኩ። አባትየው ማሳቸው ዳር ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሁለት ዓመት የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው፣ አባቴ።»

«እናቱ አምና ሞተች» አሉ። «እሷ ሳትሰማው ነው የመጣኸው።»

ውሃ እንኳ አላቀረቡልኝም። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በሕዝቡ ፊት አቁመው ደግሜ እንድናገር አደረጉኝ። ተናገርኩ። ማንም አልሰደበኝም። ሰዉ ተራ በተራ እየሄደ እሳቸው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ልወድቅ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

የዚያን ቀን ሙታን ዘጠኝ ናቸው። አምስቱን ጦርነቱ ወስዷቸዋል። ከመኪናው አጠገብና በመንገዱ ላይ ስለሞቱት አራቱ ነርሷን በኋላ አግኝቼ ጠይቄያት ነበር፤ በሰዓቱ ቢደርሱ ማን ይድን እንደነበር። አራቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ሁለቱ፣ ምናልባት» አለችኝ።

የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቅኳትም።