የአብሮ አደጌ የሙሽርነት ጫማ

ላሊበላ ውስጥ ጥሩ ጫማ ያለው ሰው ጫማውን ቶሎ ቶሎ ያወልቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያወልቃል፤ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር እንደገና ያወልቃል። ስለዚህ የከተማው ጫማ ሁሉ አንድ ቀን ደጅ ላይ ተኮልኩሎ ይታያል። እኔም ስለ ጫማ የማውቀውን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሥራዬ በመንግሥት ሆቴል ልብስ ማጠብና መተኮስ ነበር። በዓል በሆነ ቁጥር ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ከደጅ ቆሜ ጫማ አያለሁ። ወሬ ስለማላበዛ ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

ባለቤቱ ያላደረገው ጫማ ብዙ ይናገራል። ታኮው በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ አለ። ሳይጠረግ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበበት እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ አለ። ጥሩ ቆዳ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደቃቅ መስመር ያወጣና ጣት ሲነሣ መስመሩ ይጠፋል። መጥፎው እንደታጠፈ ይቀራል። ሶሉ በክር የተሰፋ እንደሆነ አያለሁ፤ ገበሩን እዳስሳለሁ፤ ሰው ካላየኝም አሸታለሁ። ካርቶን ካርቶን የሚሸት ጫማ ክረምት አይሻገርም። አንድ ነገር ግን ከጫማም በፊት ይመጣል፤ በእኛ አገር ጫማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያልተቀደደ ካልሲ ይግዛ።

አብሮ አደጌ ያገባው ሰብሉ ጥሩ በሰጠበት ዓመት፣ በጥር ነው። እሱ ከከተማው በታች የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ሙሽራይቱ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ ቄስ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በሆቴሉ በር ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ አገኘሁት። ፈታሁት። ጥቁር፣ ባለ ክር፣ ሶሉ የተሰፋ፣ ምንም የማይወጣለት የቆዳ ጫማ ነው።

«ከየት አመጣኸው?»

«የእግሬን ልክ በስንደዶ ለክቼ ጋሸና ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠሁት። ከደሴ ገዝቶ አመጣልኝ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ስንደዶው ልክ ነው። እግሬ ነው እንቢ ያለው።»

ነገሩ ገባኝ። ስንደዶ ርዝመት እንጂ ስፋት አይለካም። በበረባሶ ያደገ የገበሬ እግር ደግሞ ከፊቱ እንደ አካፋ ሰፊ ነው። ጫማው በርዝመቱ ልክክ ያለ ነው፤ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ አልገባ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን በበረባሶው ሄዶ ያገባ ነበር። እሱ ግን አይችልም። የሙሽራይቱ ታላቅ እህት ስትዳር ባሏ የመጣው በላስቲክ ጫማ ነበር። እግሩ አልቦት ኖሮ አማቶቹን ጉልበት ሊስም በተንበረከከ ቁጥር ጫማው «ቋ! ቋ!» አለ። የዚያ ሰፈር ልጃገረዶች በሰርግ ዘፈን ምሕረት አያውቁም፤ ወዲያው ገጠሙለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው እንቁራሪቱ ተባለ። ዛሬ ልጆቹም የእንቁራሪቱ ልጆች ናቸው። ሰርግ ላይ የወጣ ስም ከክርስትና ስም ይበልጣል።

«እኔ እንዲህ ተብዬ ልኑር?» አለኝ አብሮ አደጌ። «አንተ ሚዜዬ ነህ። አንድ ነገር አድርግ።»

የጠበበ ቆዳ በጉልበት ከሳቡት ይቀደዳል፤ ቀስ ብሎ በውስጥ ሲገፋ ግን ይሰጣል። እናቱ ቤት ወረድን። ባቄላ በላስቲክ አድርጌ ላስቲኩን ከጫማው ፊት ውስጥ ጠቀጠቅሁ፤ ውኃ ጨመርኩበትና አፉን አሰርኩ። ባቄላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቆዳውን እኩል ይገፋል። እናቱ ከጓዳ ሆነው ሲያዩ ቆዩና አላስቻላቸውም።

«ለሰርግ ያስቀመጥኩትን ባቄላ ለጫማ ታበላዋለህ?»

«ነገ ይመለስልዎታል፣ እማማ።»

«ከጫማ ወጥቶ ንፍሮ ብሠራው ማን ይበላዋል?»

«አማቾቼ ናቸዋ!» አለ ልጃቸው።

እናቱ በሳቅ ቁጭ አሉ። በነጋው ጫማው ጥቂት ሰጥቶ አገኘነው። ባቄላውን አውጥቼ ጫማውን ጥላ ውስጥ አደረቅሁት፤ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ እንደ ቋንጣ ይሆናል። እናቱ አሁንም ሊረዱኝ ፈለጉ።

«ቅቤ ላስነካው፣ ልጄ? ይለሰልሳል።»

«ቅቤውን ለራስዎ ያድርጉት፣ እማማ። ቅቤ የጠጣ ጫማ አቧራ ይሰበስባል፤ ውሻም ይሰርቀዋል።»

ባቄላውን ደጋግመን ሞላን። በመጨረሻ እግሩ ገባ። በቆዳው ምንጣፍ፣ በጀንዴው ላይ ከግድግዳ ግድግዳ አመላለስኩት፤ በድንጋይ ላይ ገና አልፈቀድኩለትም። ሱሪውን ሊታጠቅ ያሰበው ከገበሬ ማኅበር ጥበቃ በተረፈው አረንጓዴ ቀበቶ ነበር። የራሴን ጥቁር ቀበቶ ሰጠሁትና ወገቡ ቀጭን ስለሆነ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ አበጀሁለት። ቀበቶ ከጫማው ጋር አንድ መልክ ካልሆነ ሰውየውን ለሁለት ይቆርጠዋል። ከረባቱን በራሴ አንገት ላይ አስሬ፣ ጫፉ ቀበቶው ጋ እንዲደርስ አስተካክዬ፣ ሳልፈታ ወደ እሱ አሸጋገርኩት።

ቀለም አቀባቡም እንደዚሁ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ አቧራው በደረቅ ቡሩሽ ይራገፋል። ቀለሙ በስሱ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ በቡሩሽ፣ በመጨረሻም ውኃ ባዘለ ጨርቅ ጫፍ ይወለወላል። ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን ስፌት ጨርቅ በጠቀለልኩበት እንጨት ጠረግሁ። ቀጥዬ ጫማውን ገልብጬ ታኮውና መርገጫው መሀል ያለውን፣ መሬት የማይነካውን ቦታ ጥቁር ቀባሁት።

«አሁንስ አበድክ!» አለኝ። «ታቹን ማን ያየዋል?»

«ጉልበት ልትስም ስትንበረከክ ከኋላህ የተቀመጠ ሁሉ ያየዋል።»

ጫማውን ከእጄ ወስዶ ታቹን አየው። እንቁራሪቱን ያስታወሰ መሰለኝ።

የሰርጉ ቀን ሙሽራው በበረባሶ፣ ጫማው በእኔ እጅ ሆኖ አጀቡን ይዘን ተነሣን። በቆዳ ሶል የላስታን ድንጋይ መውጣትና መውረድ ለጫማው ቅጣት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አብሮን ነበር፤ «ጓድ ሙሽራ፣ ወደፊት!» እያለ አጀቡን ይመራል። ከሙሽራይቱ ቤት በታች ካለች ወይራ ስንደርስ አጀቡ እየዘፈነ ቀድሞ ወጣ፤ እኛ ጫማ ልንቀይር ቀረን።

ቀኙ ገባ። ግራው እንቢ አለ።

እግር ብዙ ሲሄድ ያብጣል። እኛ የለካነው ጧት ጧት፣ ባረፈ እግር ነበር። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ከደከመ ወዲህ መሆኑን እዚያች ወይራ ሥር ተማርኩ። ከላይ ከበሮው ይሰማል። የአብሮ አደጌ ግንባር በላብ ራሰ።

«በበረባሶው ልግባ በቃ!»

«ተኛ» አልኩት።

«ምን?»

«በጀርባህ ተኛ። እግርህን ወደ ላይ ስቀል።»

ነጠላዬን ሣሩ ላይ አነጠፍኩለት። ሙሽራው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ግራ እግሩን በወይራው ግንድ ላይ ሰቅሎ ተንጋለለ። እኔ ክሩን እስከ ታች ድረስ ፈትቼ፣ ተንበርክኬ የጫማውን ፊት በመዳፌ አሻለሁ። በዚህ መሀል የዘገየንበትን እንዲያዩ የተላኩት ልጃገረዶች ቁልቁል ሮጠው መጡና ከፊታችን ቀጥ አሉ።

«ውይ! ሙሽራው ታመመ እንዴ?» አለች አንዷ ደረቷን ይዛ።

በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ግን እሱን ለማዳን አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«እሱ ደኅና ነው» አልኩ። «ጫማው ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ገደሉ ሳቃቸውን አስተጋባ። አብሮ አደጌ ደንግጦ በአንድ ጫማ ብድግ አለ። ያችው ልጅ ወዲያው ግጥም አወጣች፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ተቀበሏት፦

«ሙሽራው ጤና ነው፣ ይሄው ቆሟል በእግሩ፤
ጫማ ያስታምማል ሚዜው ተደፍቶ በሣሩ!»

እነሱ ሲዘፍኑ እኔ መሃረቤን ከተረከዙ ኋላ አስገባሁ። «አሁን ግፋ!» አልኩት። እግሩ በመሃረቡ ላይ ተንሸራትቶ ገባ። መሃረቡን መዝዤ ክሩን አሰርኩ፤ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ። አብሮ አደጌ አንዴ ረገጠ፤ ሁለተኛ ረገጠ፤ ፊቱ በራ። ከልጃገረዶቹ ጋር ትከሻውን እየሰበቀ ዳገቱን ወጣው። አላነከሰም።

ቤት ገብቶ የአማቱን የቄሱን ጉልበት ሊስም ሲንበረከክ ዓይኔ ሶሉ ላይ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አስግገው አዩና ጎረቤታቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉ።

«አየሽልኝ? ታቹም እንደ ላዩ! እንዲህ ያለ ሰው ልጃችንን ደብቆ አይበድላትም።»

እልልታው ቀለጠ። ለሙሽራው ምንም ስም አልወጣለትም፤ ዘፈኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯልና፦

«አስታማሚው ይምጣ፣ ጠላ ይቀዳለት፤
ለጫማ በሽታ መድኃኒት ላወቀለት!»

ቀና ማለት አቅቶኝ አንገቴን ደፋሁ። ጠላው ግን ተቀዳልኝ፤ በደስታም ጠጣሁት። ሙሽራው አጠገቤ ሆኖ «በእኔ ፋንታ ተያዝክ፣ ወንድሜ» እያለ ይስቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ መሀል ሳልፍ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጠሩኝ። «አስታማሚው አንተ ነህ?» አሉኝ። ቁና ገብሳቸውን ወደ ጎን አደረጉና ከጆንያቸው ውስጥ አንድ ጫማ አወጡ፤ ፊቱ እንደ አፍ ተከፍቷል። «የልጄ ነው፤ በሚያዝያ ያገባል። ይድናል?»

ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ስፌቱን ዳሰስኩት። ቆዳው ገና ልስልስ ነበር።

«ይድናል፣ አባባ» አልኳቸው። «ልጅዎን ግን ከሰዓት በኋላ ይላኩልኝ።»