የዝናሽ ስንቅ

ሰቆጣ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መምህር ነኝ። ክፉ ወሬ ለወላጅ መንገር ሥራዬ ሆኖ እንኳ ያን ቀን ምላሴ ተሳሰረ።

በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ድርቆሽና በሶ የሞላ ከረጢት ተሸክመው ቢሮዬ ገቡ። የዝናሽ አባት ናቸው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ወላጅ በየሳምንቱ ስንቅ ያመጣል። ዝናሽ ግን ትምህርቷን ትታ በበረሃ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ወር አልፏታል።

አስቀመጥኳቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው። ስለ በሬዎቻቸው ጠየቅኋቸው። የምለው ሲጠፋኝ ስለ በሬዎቹ ደግሜ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከረጢቱን በጉልበታቸው መሐል ይዘው በትዕግሥት መለሱልኝ። በመጨረሻ «አባቴ፣ ዝናሽ እኮ...» ብዬ ቀረሁ።

«አውቃለሁ መምህር፣ አይጨነቁ» አሉኝ። «በሄደች በሳምንቱ ነው የሰማሁ።»

«ታዲያ ይሄ ስንቅ ለማን ነው?»

«እናቷ አልሰማችም። በሽተኛ ናት፣ ምን ብዬ ልንገራት? በየሳምንቱ ትቋጥራለች፣ እኔም እሸከማለሁ። እስከ ዛሬ አብራት ትኖር ለነበረችው ልጅ ስሰጥ ነበር። እሷም ቤቱን ለቃለች አሉኝ። እርስዎ ስንቅ ላለቀበት ተማሪ ይስጡልኝ።»

ከረጢቱን ተቀበልኳቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንዲት ነገር ላስቸግርዎ መምህር። የመንፈቁን ውጤቷን በወረቀት ይጻፉልኝ። እናቷ ስንተኛ ወጣች እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። አንደኛ ብለው ግን አይጻፉ፣ አታምንም።»