ነሐስ የማይተኮስበት ሜዳ

በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃዎች ተኩስ እንለማመድ ነበር። የነሐስ ቀለህ በድብቅ እየተለቀመ ለአንጥረኛ ስለሚሸጥ፣ የሚፈቀደው ባለ ብረት ቀለህ ጥይት ብቻ ነበር። እኔ ግን የአባቴን ምንሽር ይዤ ሄድሁ፤ ጥይቱ በሙሉ ባለ ነሐስ ነው።

አሰልጣኙ አንዱን አገላብጦ አየና፣ «ይህ እዚህ አይተኮስም፤ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አለኝ።

«ልተኩስ መጥቼ አልመለስም» አልሁት።

አጠገቤ ያነጣጥሩ የነበሩትን ጎረቤታችንን፣ «እትዬ፣ ሲጨርሱ የእርስዎን ያውሱኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ስቀው ሰጡኝ። የመጀመሪያው ጥይቴ አፈር መታ። ትከሻዬን ቢያመኝም ክርኔን ጭቃው ላይ ተክዬ እንደገና ተኮስሁ፤ ጥይቱ የዒላማውን ሰሌዳ በሳው።

ትኩሱን ቀለህ ከሣሩ ለቅሜ ሳስረክበው አሰልጣኙ፣ «ነገ የመንግሥት ጠመንጃ ይሰጥሻል» አለኝ።