ከላይ የተጀመረው ቦይ

ጠሀ ልብስ ሰፊ ነው። ሐይቅ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ዕድሜው ለሽበት በቃ። ከስልጤ የመጣው ገና ጺሙን ሳያበቅል ነው፤ ያገባውም የወለደውም እዚሁ ሀዋሳ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በመርፌው ሳይሆን በእድሩ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀብርበት የሰፈር እድር ዳኛ ነበር። ነበር ይባል እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

ያ እድር ወግ አለው። አንድ ሰው እንኳ «ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም» ካለ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ያድራል። ጠሀ ደግሞ ጥጋቸውን ይዘው የተቀመጡትን ዝምተኞች እየፈለገ «እስቲ አንተስ?» ይል ነበር። ለዚህ ነው ያመኑት። ሰው እንዲህ ዝም ብሎ አይታመንም፣ ዕድሜ ይፈጃል።

የቀበሌ ወግ ሌላ ነው። ቀበሌ ይጨበጨባል።

ያን ዓመት፣ ልማት ልማት በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ በላይነህ ነዋሪውን ሰብስቦ የጎርፍ ቦይ እንሥራ አለ። ማን ይጠላል! ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ውሃ ቤት እየገባ ጫማ ሲያንሳፍፍበት የኖረ ሰፈር ነው። ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን ነዋሪው ይሸፍን ሲባል ግን ሰው አቅማማ። ጠሀ ነው ያኔ በየቤቱ ዞሮ፣ እየለመነም እየቀለደም ያዋጣው። በሰፈሩ ታችኛው ጫፍ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ፣ በጭቃ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩትን እትዬ ሙሉመቤትን «በእኔ ይሁንብዎ እትዬ» አላቸው። እኒህ ሴት ሚስቱ ኡሙልኸይር የበኩር ልጇን ስታምጥ ወገቧን ደግፈው ያዋለዷት ናቸው። መዋጮውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት።

ሥራው ሊጀመር ሲል ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አቶ በላይነህ ቁፋሮው ከላይ፣ ከአስፋልቱ በኩል እንዲጀመር ተወስኗል አለ። ምክንያቱንም አልደበቀም። በግንቦት እንግዶች ይመጣሉ፣ የእንግዶቹ መኪና የሚያልፈው በአስፋልቱ ነው፣ በጀቱ ሰኔ ላይ ሳይዘጋም የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። ወደ ሐይቁ ያለው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። እንዲያው ለመሆኑ ጓሮው ውስጥ አንዲት ቦይ የቀደደ ሰው ይህን የማያውቅ ይኖራል? ለውሃ መጀመሪያ መውጫ ይበጅለታል፣ መግቢያው ከዚያ በኋላ ነው። አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። ጠሀም ያውቃል።

የእድሩ ዳኛ ምን ይላሉ ተባለ። አዳራሹ ዞሮ አየው። ጠሀ ተነሣ። ልቡ ኧረ ተው፣ ተናገር ይለዋል። ልማት አደናቃፊ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን አይቷል። የስፌት ቤቱም ኪራይ የቀበሌ ነው። መቼም የጀመሩትን ይጨርሱታል ብሎ ራሱን አታለለና አጨበጨበ። ሰዉም ተከትሎት አጨበጨበ።

ቦዩ በጥርብ ድንጋይ አምሮ ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ ካሜራ መጣ፣ እንደገና ተጨበጨበ። ቦዩ ግን እትዬ ሙሉመቤት አጥር ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወደ ሐይቁ የቀረውን መሬት ዶማ አልነካውም።

ሐምሌ ገባ። ድሮ ለየደጁ ተከፋፍሎ ይደርስ የነበረው ጎርፍ አሁን በዚያ በሚያምር ቦይ ተሰብስቦ አንዲት ሴት ቤት ላይ ወረደ። ጠሀ ወደ ቀበሌ ሮጠ። አቶ በላይነህ በግምገማ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተመድቧል። አዲሱ ሊቀመንበር ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ በትሕትና ገደለው። ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፣ ያለቀ ሥራ ደግሞ በጀት አይያዝለትም አለው።

«ሕዝቡ በጭብጨባ ተረክቦታል እኮ፣ ጋሽ ጠሀ። እርስዎም ነበሩ።»

ማዘጋጃ ቤት ሄደ፣ ከቀበሌ አጽፈህ ና ተባለ። ቀበሌ ተመለሰ፣ ማዘጋጃ ቤት ይጠይቁ ተባለ። ሲመረው በጆንያ አሸዋ እየሞላ የሴትዮዋን አጥር በገዛ እጁ ይከልል ጀመር። በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ሙሉመቤት ገበያ ሄደው ሳለ፣ የጓዳው ግድግዳ ተንዶ ጣሪያውን ይዞት ወረደ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ቤቱ ግን ጭቃ ሆነ። ልጃቸው ሜሮን መጥታ ወደ ዲላ ወሰደቻቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። አፉን የከፈተ ሁሉ ድሮም እኔ አውቄ ነበር ይላል። በእኔ ይሁንባችሁ ብሎ ያዋጣን ማነው? ጠሀ! ስድብ አልሰደቡትም፣ ጨዋ ሰፈር ነው። ትንሽ ይረፉ ብለው ከዳኝነቱ አነሡት። ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ። ዩኒፎርሙንም ሌላ ሰፊ ጋ ያሰፉ ጀመር። ጠሀ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ በራፉን ሲያይ ይውላል።

በጥር ኡሙልኸይር ታማ ሞተች። እድሩ ደንቡን አላጓደለም። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሰዉም ነቅሎ መጥቶ ቀበረ። ማታ ማታ ስም እስኪጠራ ይቀመጣሉ፤ የቀረ ይቀጣላ! ስም ተጠርቶ ሲያበቃ ግን አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጣሉ። ጠሀ በዳኝነቱ ዘመን ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር ሰው መድቦ ያስቀምጥ ነበር። ለእሱ የተመደበ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሙሉመቤት ከዲላ መጡ። ለኡሙልኸይር ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላት፣ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ። ይቅር ይበሉኝ አላቸው።

«ቤቴን የወሰደው ጎርፍ ነው፣ አንተ ነህ አልልህም» አሉት። «ግን ጠሀ፣ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር እትዬ።»

እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉ።

«እኔ እኮ ያጨበጨብኩት አንተን አይቼ ነው።»

የዲላው መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሡ፣ ፈጣሪ ያጽናህ ብለውት ወጡ። ጠሀ ሊሸኛቸው ብድግ አለ፣ ግን ተመልሶ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።