ከዳቦ ያልተቆጠረው ቁንጥር

ዳቦ ጋጋሪያችንን እርሾ ነው የምንለው፤ ሲናደድ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ደግነቱ ቶሎ ይበርዳል። ባለፈው ዓመት ግን ፊቱ የምር ኩፍ አለ። ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ቆርሶ ሲቀምስ ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ደግፈን ሐኪም ቤት አደረስነውና ተረፈ።

"ስንዴ ጠላኝ" ብሎ ደመደመ። "እንግዲህ ምን ሠርቼ ልኑር? እጄ ሌላ ሙያ አያውቅም!" ዳቦ የምሸጠው እኔ ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ለምርመራው ውጤት ሚስቱና እኔ አጀብነው። ሐኪሟ፣ "ስንዴ ምንም አላደረገዎትም። የማይስማማዎት አኩሪ አተር ነው" አለችው።

"አኩሪ አተር ቤቴም ገብቶ አያውቅ!"

"ነገርን ከሥሩ ነው። ዳቦው ውስጥ ምን ምን ይገባል?"

"ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። በቃ!"

ዝም ማለት አልሆነልኝም። "ያ ማለስለሻውስ?"

"እሱማ ቁንጥር ነው! እሱም ሊቆጠር ነው?"

ጋጋሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሊጥ ላይ በየቀኑ የሚበትነውን ማለስለሻ ከዳቦ አይቆጥረውም። የማለስለሻውን ከረጢት ከዳቦ ቤት አምጥተን ጽሑፉን ብናነበው የአኩሪ አተር ዱቄት አለበት።

"ድሮስ ስበላው ኖሬ የለም እንዴ?" አለ።

"ሰውነት በጉልምስናም ይቀየማል" አለች ሐኪሟ። ቁንጥሩም ብናኙም እንደሚጎዳው ነገረችው። ትንፋሽ ሲያጥረው የሚወጋው፣ ከኪሱ የማይለይ መርፌ አዘዘችለት፤ ጽሑፉ ያልተነበበ እሽግ ምግብ እንዳይቀምስም አስጠነቀቀችው።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ "ያለ ማለስለሻ ዳቦው ድንጋይ ይሆናል" ብለው አንገራገሩ። እርሾ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ በአቋሙ ጸና። ከረጢቱ ወጣ፣ ማቡኪያውና ምድጃው ታጠበ። የመጀመሪያውን ዳቦ አንድ ደንበኛ አንኳኩቶ፣ "ማነው ውስጥ ያለው?" ብሎ ቀለደብን። እርሾ ኩፍ አለ፣ በረደ፣ ከዚያ ሊጡን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ረጅም ጊዜ አሳደረው። ዳቦው ለሰለሰ!

መቅመሱ ግን ሐኪሟ ፊት ሆነ። ሚስቱ መርፌውን ይዛ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ፣ ትንሽ ቆርሶ ጎረሰ። ጠበቅን። ከንፈሩን አየን። ደግሞ ጠበቅን። ከንፈሩ ያው ከንፈሩ ነው። ሐኪሟ፣ "ይድገሙ" አለችው፤ ደገመ። ስንጨነቅ እሱ ጣራውን እያየ አላመጠ፣ አላመጠና ግንባሩን ቋጠረ።

"ምነው? አመመህ?" ሚስቱ ጮኸች።

"ጨው አንሶታል" አለ። "ነገ አስተካክለዋለሁ።"