ከጎድጓዳው ያልተነሣው ቀይ ጨርቅ

ባለፈው ማክሰኞ ከእንጅባራ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በባጃጅ እየተመለስሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዝናቡ የባጃጁን የላስቲክ መጋረጃ ይደበድበው ስለ ነበር መነጽሬን ጠርጌ እስካነብ ድረስ ሁለት መታጠፊያ አልፈን ነበር። መልእክቱ የመጣው ሰላም ከምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ነው፤ የአገር አቀፉን የፈረስ ስፖርት ማኅበር ደንብ የምታሻሽለው እርሷ ናት። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ትላለች። «የስግሪያ ውድድርን የሚመለከተውን አንቀጽ አሥራ ሁለት የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አሁን ካሜራ ስላለ ልንሰርዘው አስበናል። ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ጉባኤው ይወስናል። ሐሳብ ካለዎት ይጻፉልኝ።»

አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ፈረሱ ስግሪያውን መልቀቁን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ፈረሰኛው ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረውም እርሱ ይሁን።» በሕይወቴ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ አብዛኛው ተረስቷል፣ መረሳቱም ይገባዋል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ግን እንዴት እንደ ጻፍሁት ለማንም በእውነቱ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ባሰብሁ ቁጥር ጭጋግ አብሮ ይመጣብኛል። ስለ ጭጋጉ ኋላ እናገራለሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቆሰበር ከተመለስሁ ዓመት አልሞላኝም። (እንጅባራን እኛ ዛሬም ቆሰበር እንላታለን።) በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው የነበሩትን የፈረሰኞች ማኅበራት አንድ አገር አቀፍ ማኅበር ለማድረግ አዲስ አበባ ላይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ደብዳቤው ደርሶን በጉባኤ ስናነብበው ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ የእኛ ፈረስ፣ የእኛ ስግሪያ በአገር ደንብ ሊጻፍ ነው! ደስታው የቆየው እስከ መጨረሻው መስመር ብቻ ነበር። «ከአንድ አካባቢ አንድ ማኅበር ብቻ ይቀርባል» ይላል። እኛ ደግሞ ሁለት ነበርን፤ አንዱ ቆሰበር፣ አንዱ ዳንግላ።

ስግሪያ የፍጥነት ውድድር ብቻ እንዳልሆነ ለማያውቀው አንባቢ መናገር ይገባኛል። ፈረሱ ወደ ግልቢያ ሳይወጣ፣ በፈረሰኛው እጅ ያለ ሙሉ ብርሌ ጠጅ የማይፈስ እስኪመስል ድረስ በለስላሳና በፈጣን እርምጃ ይሰግራል። ሦስት እርምጃ እንኳ ከጋለበ ተሸንፏል። ዳኛ የሚባል ነገር አልነበረንም። ፈረሱ ስግሪያውን የለቀቀበት ሰው አለንጋውን ሽቅብ ያነሣል፣ ልጓሙን ይይዛል፣ ይወርዳል። በቃ።

ለውሕደቱ ሦስት ጊዜ አዘና ላይ ተሰበሰብን፤ ለሁለታችንም ገለልተኛ ናት ብለን ነው። እኔ የቆሰበር ጸሐፊ ነበርሁ፤ ፈረስ ስለማውቅ ሳይሆን የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ። በትልቅ ድስት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየቀረበልን ስሙን ተስማማን፣ አባልነቱን ተስማማን፣ የባንዲራውን ቀለም እንኳ ተስማማን። ማኅተሙ ላይ ስንደርስ ግን ድንቹ በረደ። ማኅተሙ የሚቀመጥበት ከተማ ዋናው ጽሕፈት ቤት ነውና።

የዳንግላው ሊቀ መንበር አያ ሞላ ነበሩ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ቅርብ የሆነ ሰው። የእኛው ደግሞ የእናቴ ወንድም አያ ደሴ ናቸው። በልጅነታቸው አብረው ቄስ ትምህርት ቤት ስለ ገቡ አንዱ ላንዱ አይራራም።

«ቆሰበር ማኅተም ብናስቀምጥ በጭጋጉ ማን ያገኘዋል?» አሉ አያ ሞላ። «እናንተ እንደሁ የፈረሳችሁን ጭራ እየዳበሳችሁ ነው ጭንቅላቱን የምታገኙት።»

«ዳንግላስ?» አሉ አጎቴ ድንቻቸውን እየላጡ። «ፈረሳችሁ እኛ ዘንድ ሲመጣ በመጀመሪያ ጋቢ ነው የሚጠይቀው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ አያ ሞላ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና፣ «እንግዲያውስ እኔና አንተ እንስገር፤ ያሸነፈ ማኅተሙን ይውሰድ» አሉ። አጎቴ ዕጣ እንደ ወጣለት ሰው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

ውድድሩ በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው መስክ ላይ ሆነ። ገብሱ ታጭዷል፤ ሜዳው የጭድና የፈረስ ላብ ይሸታል። ከኮሚቴው የተላከ አቶ ግርማ የሚባል ረጅም ሰው፣ ጭቃ ነክቶት በማያውቅ ጫማ፣ በመካከላችን ቆሞ ነበር።

«ዳኛችሁ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ፈረሰኛው» አሉት አያ ሞላና አጎቴ በአንድ ድምፅ።

ሳቀ። «በዚህ ዓይነትማ አገር አቀፍ ደንብ ውስጥ አይገባም። ማን በራሱ ላይ ይፈርዳል?»

እኔ የተማርሁት ሰው ይህን አስቀድሜ አስቤበት ነበር። መነሻው ትልቁ የኮሶ ዛፍ ነው፤ መድረሻው ሕዝቡ የተሰለፈበት ጉብታ ነው፤ በመካከሉ ወንዝ የሚያልፍበት፣ ከሁለቱም ወገን የማይታይ ጎድጓዳ አለ። በረቂቄ ላይ «በተሰወሩ ቦታዎች ዳኛ ይቆማል» የሚል ጽፌ፣ በቀርከሃ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ መጥቼአለሁ። ከጉብታው እንዲታይ ቀርከሃው በጣም ረጅም ነበር። ዳኛው ማን ይሁን ሲባል የሚከራከር ጠፋ። አያ ሞላ ካባቸውን አውልቀው ላንዱ እየሰጡ፣ «ጨርቁን የፈለገ ይያዘው፤ ፈረሰኛ እያለ ጨርቅ ምን ይሠራል?» አሉ። እንዲህ ሆኖ የአያ ደሴ የእኅት ልጅ፣ የቆሰበር ጸሐፊ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ዳኛ ሆኜ ቆምሁ።

በመጀመሪያ የሰማሁት እልልታውን ነው። ቀጥሎ ምድሩ በእግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለቱ ፈረሶች አፋፉን አልፈው ወደ ጎድጓዳው ሲገቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንፋሼን ረሳሁት። የአያ ሞላ ጥቁር ፈረስ አንገቱን ደፍቶ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይመጣል። የአጎቴ ፈረስ ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ግማሽ ክንድ ያህል ከኋላ ነው። አጎቴ በአገውኛ ያነጋግሩታል፤ በዝግታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ኮቴያቸው አንድ ከበሮ ሆነ። «ቦራ! ቦራ!» እያልሁ ነበር፤ ዳኛ መሆኔን ረስቼ።

ቦራ ወንዙን ሲረግጥ ከፊቱ አንዲት ዳክዬ ተነሣች። ደነበረ። ጋለበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፤ አራተኛም ያለ ይመስለኛል። በእነዚያ እርምጃዎች ጥቁሩን ፈረስ ቀደመው፤ ወዲያው ወደ ስግሪያው ተመለሰ፤ ውሃ እየረጨ በአጠገቤ አለፈ። አጎቴ ዘወር ብለው አዩኝ። ቀርከሃው በሁለት እጄ ነበር።

አላነሣሁትም።

ከዚያ በኋላ ሽቅብ ሮጥሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ ሕዝቡ በሁለት ወገን ያብዳል፤ ቆሰበሮች ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። ቦራ አንድ ፈረስ ሙሉ ቀድሟል። ሠላሳ እርምጃ ቀረው፤ ሃያ ቀረው። ማኅተሙ የእኛ ነው! ብዬ እንደ ጮኽሁ አስታውሳለሁ። በዚያው ቅጽበት የአጎቴ አለንጋ ቀስ ብሎ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ልጓሙን ሳቡ። ወረዱ። አያ ሞላ በአጠገባቸው አልፈው ደረሱ።

አቶ ግርማ እየሮጠ መጣና፣ «ምን ሆነው ነው? ማንም እኮ አላየዎትም!» አላቸው።

«ቦራስ?» አሉ አጎቴ የፈረሱን አንገት እያሹ። «ነገ ኮርቻ ስጭንበት ምን ልለው ነው?»

«እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ ለምን አላቆሙም ታዲያ?»

«ጥፋት በሰው ፊት ነው እንጂ የሚነገረው፣ ጉድጓድ ውስጥ ምን ዋጋ አለው?»

አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞረ። «ዳኛው፣ አንተስ አላየህም?»

«ጭጋግ ነበር» አልሁ።

ጭጋግ አልነበረም። አያ ሞላ ሞቋቸው ካባቸውን አውልቀዋል፤ የወንዙ ድንጋይ በፀሐይ ያበራ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ቃል በየዓመቱ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ደጋገምሁት፣ ዛሬ ዐይኔን ስጨፍን ቦራ ከጭጋግ ውስጥ ነው የሚወጣው። ውሸቴ ትዝታዬን ጭጋግ አለበሰው።

አያ ሞላ ማኅተሙን ሲወስዱ አጎቴን አቅፈው፣ «እንግዲህ ማኅተሙ የእኛ፣ የቀለሙ ሣጥን የእናንተ ይሁን» አሉ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ለብዙ ጊዜ ደብዳቤ ለማተም ወይ ማኅተሙ በሚኒባስ ወደ ቆሰበር ይወጣ ነበር፣ ወይ ቀለሙ ወደ ዳንግላ ይወርድ ነበር። ማኅበሩን አንድ ያደረገው ከደንቡ ይልቅ ያ መመላለስ ይመስለኛል። አቶ ግርማ ግን ያኔውኑ ወረቀት አስይዞኝ፣ «ያየሁትን በደንብ ቋንቋ ጻፍልኝ፤ እንዳለ ይገባል» አለኝ። ኮርቻ ላይ አስደግፌ አንቀጹን ጻፍሁ። ዳኛ የሚል ቃል አላገባሁበትም። አቶ ግርማ ጥበብ መሰለው፤ እኔ ዳኛ ምን እንደሚያደርግ ስላወቅሁ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ቦራን እየሳቡ፣ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ፣ ሳይዞሩ፣ «ያ ጨርቅ ከብዶህ ነበር?» አሉኝ። ወይም ያሉኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ በእርግጥ እሰማዋለሁ፤ አንዳንዴ እኔው ለራሴ ብዬው በእሳቸው አፍ ያስቀመጥሁት ይመስለኛል። እንዳልጠይቃቸው አርፈዋል። ከጎድጓዳው ወጥተው አለንጋውን እስኪያነሡ ድረስ ባለው ርቀት ጨርቄን ሲጠብቁ ነበር ይሆን? ይህንም አላውቅም።

ለሰላም መልስ የጻፍሁላት ባጃጁ ደጄ ከቆመ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ካሜራውን አቁሙት፤ እኔን ለመሰለ ዳኛ ያስፈልጋል። አንቀጹን ግን አትሰርዙት። ምክንያቱን አውቃለሁ።»

ወዲያው መለሰች። «ታዲያ ምክንያቱን አሁን አይጽፉልኝም፣ ጋሼ?»

«በጽሑፍ አይሆንም» አልኋት። «በሰው ፊት ነው።»

ቁም ሣጥኔ ውስጥ ያ የቀለም ሣጥን አሁንም አለ፤ ከደረቀ ብዙ ዓመቱ። ቅዳሜ ማለዳ እሱን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዳንግላ እወርዳለሁ። ከአሁኑ ልቤ ያን ቀን ኮቴ እንደ ሰማሁ ይመታል፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መምታቱ ደስ ይለኛል። አዳራሹ ይሞላል፤ የአያ ሞላ የልጅ ልጆችም ይኖራሉ። ሊቀ መንበሩ አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ «አስተያየት ያለው?» ሲል፣ እጄን አነሣለሁ።